ኤንትሬ፣ ኦራል፣ ቢቲአር፦ በባቲ መንገድ ያለፉ ፊደሎች ምን ይላሉ?

ባቲ ያደገ ልጅ መኪና በድምፅ ይለያል። ከሚሌ በኩል ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣውን ከባድ መኪና ገና ዓይናችን ሳያየው «ኤንትሬ ነው!»፣ «የለም፣ ኦራል ነው!» እያልን እንወራረድ ነበር። ባቲ ሲባል ብዙ ሰው ቅኝቱ ወይም የሰኞ ገበያው ነው ትዝ የሚለው። ለእኛ ግን ከተማዋ ከምንም በላይ መንገድ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ አፋርን ከወሎ ደጋ ታገናኛለች። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረበት ዘመን ከቀይ ባሕር ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ በደጃችን ያልፍ ነበር፤ ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ታንኩም ጭምር።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን አጎቴ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወታደር መኪና ሹፌር ነበር፤ የነዳው ኦራል ነው። የነበረበትን ክፍል ስም አልጠቅስም። አንድ ቀን ከአሰብ ጭነው ሲመለሱ ከሚሌ በኋላ ባለው ዳገት ላይ ከአጃቢዎቹ ኦራሎች አንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጭስ እየተፋ ቆመ። ኮንቮዩ በሙሉ ከኋላው ተገተረ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ሌሊት ነዳጅ የሞላው አዲስ ምልምል ናፍጣ ከበርሜል ቀድቶ ቤንዚን በሚበላ መኪና ውስጥ ጨምሮ ኖሯል። ልጁ 18 ዓመት አይሞላውም። ወዲያው ትጥቁን አስፈትተው ወሰዱት። ክሱ አንድ ቃል ነበር፦ አሻጥር።

በዚያ ዘመን «አሻጥር» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ልጁ ምን አጠፋ?» ይላል አጎቴ እስከ ዛሬ። «ሁለቱም ኦራል ናቸው። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ያው የማይነበብ ነገር ነው። እሱ የለመደው ናፍጣ የሚበላውን ነው። ስሙ አንድ ከሆነ ሆዱም አንድ መስሎታል!»

እኔ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ጥያቄ አንድ ነው። የወታደር መኪና ስም ላይ የሚለጠፉት ፊደሎችና ቁጥሮች ለማን ነው የሚናገሩት? ልጁ ማንበብ ቢችል ኖሮ ቁጥሩ ያድነው ነበር ወይ? መልሱን ለማግኘት በዚያው መንገድ ላይ ካለፉት መኪኖች ሁሉ መጀመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጣሊያን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሦስቱም እዚህ አገር መኪና ይዘው ሲመጡ የየራሳቸውን ሰዋስው ይዘው ነው የመጡት።

ከጣሊያን እንነሳ፤ ለባቲ ሰው ቅርብ ስለሆነ። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። በጣሊያንኛ የፊደሏ ስም «ኤኔ» ነው፣ ሦስት ደግሞ «ትሬ»፤ «ኤኔ ትሬ» ሲፈጥን ኤንትሬ ሆነ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው «ኤን» ከየት እንደመጣች ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ፊያት 634 ኤን የሚባል ከባድ የጭነት መኪና አወጣ። በዚያን ጊዜ የጭነት መኪና በአብዛኛው ቤንዚን ነበር የሚበላው፤ ይህኛው ግን ዲዝል ሞተር ነበረው፣ 8.3 ሊትር ገደማ፣ ስድስት ሲሊንደር። ዲዝል መሆኑ እንዲታወቅ ከቁጥሩ ኋላ «ኤን» ተጨመረች። «ኤን» የ«ናፍታ» የመጀመሪያ ፊደል ናት። አዎ፣ ያችው የእኛ ናፍጣ! ቃሉን ራሱን ከጣሊያኖቹ ነው የወሰድነው፤ ከካንዴላው፣ ከካቻቢቴው፣ ከባሌስትራውና ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ገባ። ስለዚህ አንድ የባቲ ሹፌር «ኤንትሬ ናፍጣ ይበላል» ሲል ሳያውቀው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየተናገረ ነው።

634 ኤን በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ስንቅና ጥይት ከሚያመላልሱት መኪኖች አንዱ ነበር። ቁጥሩ በጣሊያንኛ ሲያጥር «ትሬንታ ኳትሮ» ይባላል፣ ሠላሳ አራት እንደማለት፤ ሽማግሌዎቻችን አሮጌ የጭነት መኪናን በዚህ ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ከእሱ ጎን የነበረው የላንቻ «ሮ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ላንቻ መኪኖቹን በግሪክ ፊደላት የመሰየም ልማድ ነበረው፤ አልፋ፣ ላምብዳ እያለ ሄዶ የጭነቱን መኪና «ሮ» አለው። «ሮ» ስለ መኪናው ምንም አትነግርህም። ሞተሩ ግን ሊወራለት የሚገባ ነበር፦ ከጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተወሰደ፣ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት የሚገፋፉበት ዲዝል።

ወደ «ኤን» ልመለስ። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ ከባድ መኪና ሁሉ ወደ ዲዝል እየገባ ነበር። ታዲያ «ናፍጣ ይበላል» የምትል ፊደል ምን ትሠራለች? ፊደሏ አልተሰረዘችም፣ ሥራ ቀየረች። ተሳቢ የሚጎትተው «682 ቲ» ሲባል («ትራቶሬ»፣ ጎታች)፣ በራሱ ላይ የሚጭነው «682 ኤን» ሆኖ ቀረ። ልክ ጅራት እንደሌለው ሰው የጅራት አጥንት፤ ድሮ ሥራ ነበራት፣ አሁን የምትገኘው ድሮ ስለነበረች ነው። ይህ ነገር ወደፊትም ይመጣል፤ በመኪና ስም ውስጥ ግማሹ ፊደል እንዲህ ያለ ቅሪት ነው።

ጣሊያኖች ለታንክ የተጠቀሙበት ግን የተለየና፣ እንደ መሐንዲስ ካያችሁት፣ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ነው። በ1928 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ የገባችው ትንሿ ታንክ መጀመሪያ «ሲቪ 33» እና «ሲቪ 35» ትባል ነበር። «ካሮ ቬሎቼ» ማለት ነው፣ ፈጣን ታንክ፤ ቁጥሩ ዓመተ ምሕረቱ ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 ሥርዓቱ ተቀየረና «ኤል 3/35» ተባለች። «ኤል» ለ«ሌጄሮ»፣ ቀላል፤ 3 ክብደቷ በቶን፤ 35 ዓመቱ። መካከለኛው «ኤም» (ሜዲዮ)፣ ከባዱ «ፒ» (ፔዛንቴ) ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ 24 «ኤም 11/39» ታንኮች መጥተው ነበር፤ ስሙን ያነበበ ሰው ታንኩን ሳያይ «መካከለኛ፣ 11 ቶን፣ የ1939» ብሎ መናገር ይችላል።

እዚህ ላይ ስሟ ምን ያህል እንደሚናገር ተመልከቱ። ሦስት ቶን ማለት የዛሬ አይሱዙ ከነጭነቱ የሚበልጣት ማለት ነው። ቁመቷ 1.28 ሜትር፣ የሰው ደረት ድረስ። ሁለት ሰው ትይዛለች። በሦስት ቶን ውስጥ የሚዞር የመድፍ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ መትረየሷ አካሏ ላይ ተተክሎ ወደፊት ብቻ፣ ትንሽ ወደ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳል። ከጎንና ከኋላ ዓይነ ስውር ናት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም በሽሬ ግንባር፣ ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር ቀዳሚ ሠራዊት እነዚህን ታንኮች በቅርብ ርቀት ገብቶ በርካታዎቹን ከጥቅም ውጪ ሲያደርጋቸው፣ ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ያቺ «3» የምትለው ቁጥርም አብራ ነበረች። ተዋጊዎቹ ቁጥሩን አላነበቡም፤ ድክመቷን ግን አነበቡ።

ሚያዝያ ላይ ደሴ ከተያዘች በኋላ ወደ አዲስ አበባ የወረደው የጣሊያን ኮንቮይ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ቆመ እንጂ ያን ያህል ብረት በአንድ መስመር ሲሄድ አገሩ አይቶ አያውቅም። ለእኛ ቋንቋ የመኪና ቃል በጅምላ የገባውም ከዚህ በኋላ ነው። ደግሞ አዲስ ልማድ አልነበረም፤ መሣሪያን በሠሪው ስም አጣምሞ መጥራት ቀድሞም ነበር። ስናድር አሜሪካዊው ስናይደር ነው፣ ምንሽር ኦስትሪያዊው ማንሊኸር፣ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ፣ ቤልጅግ ቤልጅየም። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ቁጥር የለውም፤ ስም ነው ያለው፣ ሴባስቶፖል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ያን ብረት መቅደላ አምባ ላይ ያወጡት ሰዎች የሞዴል ቁጥር አላስፈለጋቸውም። አንድ ብቻ ሲሆን ስም ይበቃል። ቁጥር የሚያስፈልገው ሺህ ሲሆን ነው።

አሜሪካኖቹ ሺህ ይዘው መጡ። ከኮሪያ ዘመቻ ጀምሮ እስከ 1969 ዓ.ም ድረስ የኢትዮጵያ ጦር በአብዛኛው የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነው፤ ጠመንጃው «ኤም ዋን»፣ ታንኩ «ኤም 41» እና «ኤም 47»፣ ብረት ለበሱ «ኤም 113»። እዚህ «ኤም» የምትባለዋ ፊደል ከጣሊያኗ ጋር ምንም ዝምድና የላትም። «ሞዴል» ማለት ብቻ ናት። ጠመንጃም፣ የብረት ቆብም፣ ታንክም፣ ጂፕም «ኤም» ይቀድመዋል፤ እያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ ደግሞ የራሱ ቆጠራ አለው። ስለዚህ «ኤም ዋን» የሚባል ጠመንጃ አለ፣ «ኤም ዋን» የሚባል ካርባይን አለ፣ «ኤም ዋን» የሚባል የብረት ቆብ አለ። እቃ ግምጃ ቤት ውስጥ «ኤም ዋን አምጣ» ብትል ምን እንደሚመጣልህ አላህ ያውቃል።

«ቲ» ደግሞ በአሜሪካኖቹ ዘንድ «ሙከራ ላይ ያለ» ማለት ነበረች። «ኤም 41» ታንክ ሙከራ ላይ ሳለ ስሙ «ቲ 41» ነበር፤ ጦሩ ሲቀበለው «ቲ» ወድቃ «ኤም» ገባች። እስካሁን «ቲ» ሦስት ትርጉም ልታገኝ ነው፦ በፊያት ጎታች፣ በአሜሪካ ሙከራ፣ በሶቪየት ታንክ። «ኤም»ም እንዲሁ፤ ለጣሊያኑ መካከለኛ፣ ለአሜሪካው ሞዴል። ለሶቪየቱ ደግሞ ከስሙ ኋላ ስትመጣ «የተሻሻለ» ማለት ናት፤ «ቲ 55 ኤም» ላይ ያለችው ይህቺ ነች፣ «ኤኬኤም» ክላሽ ላይ ያለችውም። አንድ ፊደል፣ ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ትርጉም።

አሜሪካኖቹ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ዕቃው ሲሻሻል ከኋላው «ኤ» ከቁጥር ጋር ይጨምራሉ፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3። ለመካኒክ ይህቺ ነገር ወርቅ ናት። «ኤም 113» የቤንዚን ሞተር ነው ያለው። «ኤም 113 ኤ1» የናፍጣ ነው። ከሩቅ አንድ ናቸው፤ የአሉሚኒየም ሳጥን በሰንሰለት ላይ። ልዩነቱ ስሙ ላይ ተጽፏል፣ «ኤ1» ካለ ካንዴላ አትፈልግ። የጭነት መኪናው «ኤም 35»ም እንዲሁ በቤንዚን ጀምሮ «ኤ1» እና «ኤ2» ላይ ሲደርስ ብዙ ዓይነት ነዳጅ የሚቀበል ሞተር ተገጠመለት። ነገሩን ልብ በሉ፤ የአጎቴ ልጅ ወታደር አሜሪካ ሠራሽ መኪና ላይ ቢሆንና ይህን ሕግ ቢያውቅ ስሙን አይቶ ይተርፍ ነበር።

በ1969 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። የኢትዮጵያ ታንከኞች «ኤም 41» እና «ኤም 47» ይዘው ከሶቪየት ሠራሽ «ቲ 34» እና «ቲ 54/55» ጋር ተፋጠጡ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስህተት አለ፦ ቁጥሩ የበለጠው ታንክ ይበልጣል የሚል። 55 ከ41 ይበልጣል፣ በቃ። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን ላይ አልተቀመጡም። የ«ኤም 41» ቁጥር የተራ ቁጥር ነው። የሶቪየቱ ደግሞ ዓመትን የሚያስታውስ፣ ግን የማይታመን ቁጥር ነው፤ «ቲ 34» ሐሳቡ የተጀመረበትን 1934ን እንዲያስታውስ ተሰየመ ይባላል፣ «ቲ 55» ግን የተመደበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፣ «ቲ 72»ም በ1973። እውነተኛው ልዩነት ሌላ ቦታ ነበር። «ኤም 41» ወደ 23 ቶን የሚመዝን ቀላል ታንክ ነው፣ የመድፉ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር። «ቲ 55» 36 ቶን፣ 100 ሚሊ ሜትር። ስሙ ላይ ሁለቱም የሉም። የጣሊያኖቹ ዘዴ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ክብደቱን ያነብ ነበር።

ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ሠራዊቱ ቋንቋ ቀየረ። ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ድሉ ሲታወጅ የኢትዮጵያ ጦር ራሱ በሶቪየት ታንክ ላይ ነበር። ይህ ለውጥ ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፎበታል፤ ስለ መፍቻው ግን ማንም አይጽፍም። አሜሪካው ብሎን በኢንች ነው፣ ሶቪየቱ በሚሊ ሜትር። «ኤም 41» እና «ኤም 47» በአየር የሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር አላቸው። «ቲ 55» በውኃ የሚቀዘቅዝ ባለ 12 ሲሊንደር ዲዝል፣ 38.8 ሊትር፣ 580 የፈረስ ጉልበት፣ ዘሩ ከ«ቲ 34» ሞተር የሚመዘዝ። አንድ ታንክ መካኒክ የተማረውን ሁሉ ረስቶ እንደገና መጀመር ነበረበት፤ ያውም በማያውቀው ፊደል።

የሩሲያ ፊደል ተንኮለኛ ነው። ግማሹ የላቲን ይመስላል። የላቲኗን «ፒ» የምትመስለው «ር» ናት፤ «ቢ»ን የምትመስለው «ቭ»፤ «ሲ»ን የምትመስለው «ስ»። ኦራሉ ቦኔት ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኡራል» ነው፣ የተራራው ስም፤ ግን እንግሊዝኛ የቆጠረ ወታደር ሲያነበው «ዋይ፣ ፒ፣ ኤ» ብሎ አራተኛዋ ላይ ይቆማል። አጎቴ «የማይነበብ ነገር» ያለው ይህን ነው። እኛም ከጆሮ ወስደን ኦራል አልነው፣ በቃ። «ዋዝ»ም እንደዚሁ ነው፤ የኡልያኖቭስክ አውቶሞቢል ፋብሪካ የመጀመሪያ ፊደሎች። «ጋዝ» የጎርኪ አውቶሞቢል ፋብሪካ ነው፣ ከተማዋ ዛሬ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተብላ ጎርኪ የሚለው ስም ቀርቷል፣ ፊደሉ ግን አለ። ከሁሉ የሚያስቀኝ «ዚል» ነው። ፋብሪካው ድሮ «ዚስ» ይባል ነበር፤ «በስታሊን ስም የተሰየመ ፋብሪካ»። እ.ኤ.አ. በ1956 የስታሊን ስም ከየቦታው መነሳት ሲጀምር ፋብሪካው በቀድሞ ዳይሬክተሩ በሊካቾቭ ስም ተጠራ። አንዲት ፊደል ተቀየረች፣ «ስ» ወጥታ «ል» ገባች። መኪናው ያው መኪና ነው።

የውጊያ ተሽከርካሪዎቹ ስም ደግሞ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው፣ ተራው ሰው ባያስተውለውም። «ቲ» ታንክ ነው። (ታንክ የሚለው ቃል ራሱ እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምስጢሩን ለመደበቅ «የውኃ ማጠራቀሚያ እየሠራን ነው» ካሉበት የመጣ ነው፤ ቲ 55 እና ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ ታንከር የሥጋ ዘመዶች ናቸው።) «ቢቲአር» «ብሮኔትራንስፖርቲዮር» ነው፣ ብረት ለበስ አጓጓዥ፤ ወታደር አድርሶ ለመመለስ እንጂ ታንክ ለመግጠም አልተሠራም፣ ስሙም አይዋሽም። «ዙ 23» ሁለት ቃል ነው፣ የአየር መቃወሚያ ተከላ፤ 23 የአፈሙዙ ስፋት በሚሊ ሜትር። ሺልካ የምትባለዋ «ዜድኤስዩ 23-4» ላይ መሐል የገባችው ፊደል «በራሷ የምትሄድ» ማለት ናት፣ የመጨረሻዋ 4 የአፈሙዞቹ ቁጥር። ይህ ግሩም ስም ነው፤ ሳታያት ትሥላታለህ።

«ቢኤም» ላይ ግን ሕጉ ይፈርሳል። «ቢኤም» «የውጊያ መኪና» ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ቢኤም 8» 82 ሚሊ ሜትር፣ «ቢኤም 13» 132 ሚሊ ሜትር ሮኬት ይተኩሱ ነበር፤ ቁጥሩ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ይናገራል። ከዚያም «ቢኤም 14»፣ 140። ከዚያም «ቢኤም 24»፣ 240። ከዚያ «ቢኤም 21» መጣ፤ ስፋቱ 122 ሚሊ ሜትር፣ ቱቦው 40። 21 ከየትኛውም አይገጥምም። ሕግ አለ ብሎ የሚተማመን ሰው የሚወድቀው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

«ቢኤም 21» የተጫነው «ኡራል 375» ላይ ነው። አሁን ወደ ዳገቱ ልመለስ።

ሁለት ዓይነት ኦራል ነበር። «375» እና «4320»። የመጀመሪያው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 7 ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር አለው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ አጎቴ እንደሚለው «ከግመል የባሰ ነው፣ ግመል እንኳ አንዴ ጠጥታ ትቆያለች»። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተመረተ፣ የካማዝ ዲዝል የተገጠመለት ነው። አካላቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ቁጥሮቹስ ምን ይላሉ? 375 የድሮው ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ የቁጥር ድርሻ ነበረው፤ ጋዝ ከ1 እስከ 99፣ ዚል ከ100 እስከ 199፣ ዋዝ ከ450 በላይ። ለዚህ ነው ጋዝ 66፣ ዚል 131፣ ዋዝ 469 የሚሆነው። ስለዚህ 375 የሚለው ፋብሪካውን ብቻ ነው። 4320 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው አዲስ ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያዋ 4 ከነጭነቱ ከ8 እስከ 14 ቶን የሚመዝን መሆኑን፣ 3 ተራ የጭነት መኪና መሆኑን፣ 20 የሞዴሉን ተራ ቁጥር ትናገራለች። ፋብሪካ አለ፣ ክብደት አለ፣ የጭነት ዓይነት አለ። ነዳጅ የለም! አዲሱንም አሮጌውንም ሥርዓት በቃሉ የሸመደደ ሰው እንኳ የትኛው ቤንዚን፣ የትኛው ናፍጣ እንደሚበላ ከቁጥሩ ማወቅ አይችልም። ለነገሩ ቁጥሩ ራሱ ቦኔት ላይ አልተጻፈም፤ ያለው ጋቢና ውስጥ በተመታች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ነው። የ18 ዓመቱ ልጅ፣ በሌሊት፣ በባትሪ።

ናፍጣ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የ375 ሞተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ 6.5 ጊዜ ያህል ይጨምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ናፍጣ በቀላሉ አይተንም፤ ብልጭታውን እያየ ያልፈዋል። ዲዝል ሞተር አየሩን ብቻ ወደ 17 ጊዜ ጨምቆ እንደ ምጣድ ካጋለ በኋላ ነው ናፍጣውን የሚረጭበት። ስለዚህ የልጁ ኦራል ካርቡራተሩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን ሰላም ተነስቶ፣ ቅልቅሉ ሲደርሰው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያልነደደው ናፍጣ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያም ዳገቱ ላይ ጠፋ። ሞተሩ አልተሰበረም። ታንከሩን ማራገፍ፣ መስመሩን ማጠብ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ማጽዳት። የግማሽ ቀን ሥራ።

ልጁን ያዳነው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። መርማሪዎቹ ፊት የሁለት ኦራሎች ቦኔት አስከፍቶ፣ ከአንዱ ካንዴላ ፈትቶ አሳያቸው፤ ከሌላው «እስቲ እናንተ ፈልጉ» አላቸው። የለም። «እናንተ ያላወቃችሁትን እሱ ከየት ያውቃል?» አለ። ከሦስት ሳምንት እስር በኋላ ለቀቁት። አጎቴ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አያውቅም።

«ከዚያስ፣ ጋሼ?» አልኩት ባለፈው ሰኞ፣ ገበያው ሲበተን ቁጭ ብለን። «ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፣ ቀለም አመጣን» አለ። «የቤንዚኑ ኦራል ታንከር ላይ በነጭ ቀለም ቤ ብለን ጻፍንበት፤ የናፍጣው ላይ ና።»